እሺ እስኪሉን እህል አንቀምስም

ሰው ለሽምግልና ተልኮ ድንች ቆፍሮ ሲመለስ አይታችሁ ታውቃላችሁ? እኔ አይቻለሁ። ያየሁትም ቤቴ ገብቼ መስታወት ፊት ስቆም ነው። ጭቃው እስከ ቅንድቤ ደርሶ ነበር። እስከ ዛሬ ነገሩ ትዝ ሲለኝ ክው እላለሁ፤ ስለዚህ ለእናንተም ልንገራችሁና ድንጋጤውን እንካፈለው።

እንጅባራ ውስጥ አማርኛ አስተምራለሁ። ከተማችንን ለማታውቁ፣ ክረምት ሲገባ ጭጋጉ ክፍል ድረስ ገብቶ ከኋላ ወንበር ላይ የሚቀመጥበት አገር ነው። በየዓመቱ ሳስተምረው የምደሰትበት አንድ ምዕራፍ አለ፤ ስለ አጃቢ ገጸ ባሕርያት። ተማሪዎቼን እንዲህ እላቸዋለሁ፦ «በቆዩት ልቦለዶች ውስጥ ንፉግ ሰው ሲገጥማችሁ እሱን ትታችሁ በዙሪያው ያሉትን እዩ። ንፉግ ስለ ራሱ እውነቱን አይነግራችሁም፤ ቢጠየቅ ቆጣቢ ነኝ ነው የሚለው። አሽከሩን እዩት፤ የለበሰው ኮት መጀመሪያ የማን እንደነበር ጠይቁ። ፈረሱን እዩት። ሚስቱን እዩዋት። ልጁን ሊጠይቅ የመጣውን እንግዳ እዩት፤ ሲገባ የነበረውን ፊት ሲወጣ ካለው ጋር አስተያዩት። ደራሲ የንፉግን ገመና የሚያወጣው ጥግ ላይ በቆሙት ሰዎች ነው።» ይህን ስናገር ጠመኔዬን ወደ ላይ ወርውሬ እቀልባለሁ። የማልቀልብበት ቀንም አለ፤ ተማሪዎቼ ምዕራፉን የሚወዱት በዚያ ምክንያት ይመስለኛል።

ከነዚያ ጥግ ከሚቆሙት አንዱ እሆናለሁ ብዬ ግን አንድም ቀን አስቤ አላውቅም። ያልጠረጠረ ተመነጠረ ማለት ይኸው ነው።

የነገሩ መነሻ ይበልጣል ነው። ይበልጣል የሒሳብ መምህር ነው፤ ባልደረባዬም ጎረቤቴም። ከቁጥር ሌላ ቃል ከአፉ አይወጣም። አንድ ቀን ሻይ እየጠጣን ሳለ «ስመኝን ላገባ ነው፤ ሽማግሌ ትሆነኛለህ» አለኝ። ሻዩ ትን አለኝ። ይበልጣል ይህን ያህል ሲናገር ሰምቼ አላውቅም፤ ደግሞም እኔ ገና ጢሜ በቅጡ ያልሞላ ሰው ነኝ። «እኔ? ሽማግሌ?» አልሁት። «ንግግር ታውቃለህ» አለኝ። ምን ዋጋ አለው፣ ሰው ሲያመሰግነኝ እምቢ ማለት አልችልም።

ስመኝ ከተማው ውስጥ በአንዲት ጠባብ ክፍል የሙሽራ ቀሚስ ትሰፋለች። ወላጆቿ የሚኖሩት ከዘንገና ሐይቅ በላይ ካለው መንደር ነው፤ ጠዋት ትመጣለች፣ ወደ ማታ ትመለሳለች። ሃያዎቹን እያገባደደች ነው፤ መልኳም ጠባይዋም የሚያስመሰግን ነው። እንዲህ ያለች ልጅ እስከ ዛሬ እንዴት ሳታገባ ቀረች ብሎ የጠየቀ ግን ከመካከላችን አልነበረም። ለይበልጣል የነገረችው፣ ኮብልላ እንደማትሄድ ነው። «እናቴን ጥዬ በጓሮ አልወጣም። አባቴ እሽ ብሎኝ፣ በደጅ ነው የምወጣው» አለችው። ቀጥላ የተናገረችው ግን ግራ አጋባን። «የምትልካቸው ሽማግሌዎች ጉልበት ያላቸው ይሁኑ» ብላ ፊቷን አዞረች። እኛ የአንደበት ጉልበት መስሎን።

ከእኔ ጋር የተላኩት ሁለት ናቸው። አባ ይርዳው የይበልጣል የንስሐ አባት ናቸው፤ ሰው ማስቀየም የማይሆንላቸው ረጋ ያሉ ካህን። ጋሽ ፈንቴ ደግሞ ዳንግላ ውስጥ ጋሪ ሲነዱ ኖረው በስተርጅና ወደ እኛ ከተማ የመጡ ሰው ናቸው። ጋሪውን ከተዉ ቆይተዋል፤ ጩኸቱን ግን አልተዉም። አጠገባቸው ለተቀመጠ ሰው እንኳ የሚናገሩት ከኋላ ለተሳፈረ መንገደኛ በሚናገሩበት ድምፅ ነው።

እሁድ ቅዳሴ እንደወጣ ሄድን። ለሽምግልና የሚሄድ ሰው ቁርስ መብላቱ ሞኝነት ነው ብዬ ከዋዜማው ጀምሮ ሆዴን ባዶ አድርጌ ጠብቄያለሁ። መጀመሪያ ሰላምታ፣ ቀጥሎ እሺታ፣ ከእሺታ በኋላ ዶሮ፤ የእኔ ስሌት ይኸው ነበር። አባ ይርዳውም ቀድሰው ስለመጡ እህል አልቀመሱም። ባጃጇ ሐይቁ አጠገብ አውርዳን ዳገቱን ስንወጣ የሦስታችንም ሆድ እርስ በርሱ ይነጋገር ነበር።

ግቢው አስደነቀን። የቀርከሃው አጥር ነፋስ አያስገባም። የውሃ ጉድጓዱ ዙሪያውን በድንጋይ ተገንብቷል። የከብቶቹ በረት ሳይቀር ቆርቆሮ ለብሷል። አባ ይርዳው «ትጉህ ቤተሰብ ነው» ብለው አማተቡ። ልብ ካላየ ዓይን አያይም፤ አጥሩን አይተን አጣሪው ማን ነው አላልንም። አንድ ውሻ ጮኸብን፤ የሚጮኸው ግን ጎረቤት ግቢ ውስጥ ሆኖ ነው። በኋላ እንደሰማሁት ውሻው የዚህ ቤት ነው፤ ራቱን የሚያገኘው ጎረቤት ስለሆነ ኑሮውን ወደዚያ አዛውሮ፣ ለቀድሞ ጌታው አሻግሮ ይጮህላቸዋል። በዚህ ዓለም እንደዚያ ውሻ ይሉኝታ ያለው ፍጡር አላየሁም።

የስመኝ አባት አያ ደምለው ኮታቸውን ገልብጠው ለብሰው ተቀበሉን። ገበሩ በውጭ ነው። ሳንጠይቃቸው «ጠሐይ መልኩን እንዳይበላው ነው» አሉን። ቀኑ ጭጋግ ነበር። ወደ ውስጥ አስገብተው «አረፍ በሉ እንጅ» ሲሉን እኔ መደቡ ላይ ልቀመጥ ጎንበስ አልሁ። ጋሽ ፈንቴ ክርኔን ይዘው ቀና አደረጉኝ። ሥርዓቱን ታውቁታላችሁ፤ ልጅ ጠያቂ ጉዳዩ ሳይያዝለት አይቀመጥም።

ያዘጋጀሁትን ንግግር ጀመርሁ። ንግግሬ ዛፍ አለበት፣ ጥላ አለበት፣ ሐረግ አለበት። ገና ሐረጉ ዛፉ ላይ ሳይወጣ ጋሽ ፈንቴ ሰለቻቸው። «ባጭሩ!» ብለው ጮኹ። «ልጅዎን ለልጃችን ፈልገን ነው የመጣነው። ጊዮርጊስን! እሽ እስኪሉን ድረስ በዚህ ቤት አንቀመጥም! እህል አንቀምስም! ውሃም አንጠጣም!»

እዚህ ላይ ቆም እንበል። ይህ መሐላ የሽማግሌ ትልቁ መሣሪያ ነው። እንግዳ ጦሙን ደጁ ላይ ሲቆም የማይጨነቅ አባወራ በአገራችን የለም። ሚስት ከጓዳ «ኧረ በማርያም!» ትላለች፣ ባል ይለማመጣል፣ ከሙሉ እሺታም ባይሆን ከግማሹ ይደርሳል። የአያ ደምለው ፊት ግን በራ። እውነቴን ነው የምላችሁ፣ በዚያ ጭጋግ ውስጥ በራ። እጃቸውን ወደ ላይ ዘርግተው «ተመስገን! እንዲህ ያሉ ቁም ነገረኛ ሽማግሌዎች አመጣህልኝ!» አሉና ወደ ጓዳ ተጣሩ፦

«ያልጋ! ያወጣሽውን መልሽው! ሰዎቹ ምለዋል!»

ከጓዳ የድስት ክዳን ሲከደን ሰማሁ። ሆዴም ሰማ።

ደነገጥሁ። «አይ፣ መሐላው እንኳ ለአነጋገር ያህል…» ብዬ ላለዝብ ስል አያ ደምለው ጣታቸውን አነሡ። «ተው መምህር! በጊዮርጊስ ተምሏል። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው።» ከዚያ ዘመድ እስኪያማክሩ ጊዜ ጠየቁንና ለሐሙስ ጠዋት ቀጠሩን። አባ ይርዳው «እሁድ አይሻልም?» ቢሏቸው «እሁድማ በዓል ነው አባ፤ በበዓል ቀን ምን ይሠራል?» አሉ። እኛም እውነት ነው ብለን ራሳችንን ነቀነቅን።

ርእሰ መምህሩን «የቤተሰብ ጉዳይ ገጥሞኝ ነው» ብዬ አስፈቀድሁ። የማን ቤተሰብ እንደሆነ አልጠየቁኝም።

ሐሙስ ስንደርስ አያ ደምለው ከቤቱ በታች ካለው የድንች ማሳቸው መሐል ቆመው አገኘናቸው። ከጎናቸው ዶማ ተደርድሯል፤ ለያንዳንዳችን አንድ አንድ። አሁንም አልገባኝም። ሰውዬው ዶማ የሚወዱ ናቸው ብዬ አለፍሁ።

«ዘመዶቼን አማከርሁ» አሉ። «ነገሩን የጠላ የለም። አንድ ወንድሜ ብቻ ቀርቷል፤ ዛሬ መምጣቱ ነው። እስከዚያው እንዳትቀመጡ መሐላ አለባችሁ። ተገትሮ መዋል ደግሞ ወገብ ይጎዳል። ጎንበስ ማለት ይሻላችኋል።»

ሦስታችንም ተያየን። አባ ይርዳው ማሳውን አዩ፤ ማሳው ቁልቁል እስከ ወንዙ ይወርዳል። ጋሽ ፈንቴ አፋቸውን ሊከፍቱ ሲሉ እኔ የተማርሁት ሰውዬ ቀደምኋቸው። «ዝም በሉ፤ ፈተና ነው» አልኋቸው በሹክሹክታ። «በቆዩት ታሪኮች ሁሉ የልጅቱ አባት ጠያቂዎቹን ይፈትናል። ልባችንን እያዩት ነው።» የተማረ ሰው ተናገረ ብለው ዶማ አነሡ። አፍ ሲከፈት ጭንቅላት ይታያል የተባለው ለእኔ ነው።

ድንች መቆፈር ከሩቅ ሲያዩት ቀላል ነው። ዶማው አፈሩ ውስጥ ይገባል፤ ድንቹ ለሁለት ይሰነጠቃል፤ ከኋላችሁ ደግሞ አንድ ሰው «ውይ!» ይላል። አያ ደምለው እርምጃ በእርምጃ እየተከተሉኝ ያስቀረሁትን ይለቅማሉ። «መምህር፣ እዚህ ጋ አንዲት ትተሃል። ተማሪም እንዲህ ነው የምታስቀር?» ይሉኛል። የለበስሁት ለሽምግልና ያስተኮስሁት ሱሪ ነው። አባ ይርዳው ጥምጥማቸውን አውልቀው ግንድ ላይ አስቀመጡና እየተነፈሱ ይቆፍራሉ። ጋሽ ፈንቴ ዶማውን በድሮ ፈረሳቸው ስም እየጠሩ ይሰድቡታል። አያ ደምለው በምክር ለጋስ ነበሩ፤ ዶማ አያያዝን፣ እግር አጣጣልን፣ አተነፋፈስን ሳይቀር አስተማሩን፤ ምንም አልቆጠቡም።

እኩለ ቀን ሲሆን ሚስታቸው እትዬ ያልጋ ሌማት ተሸክመው ወደ ማሳው ዳር ወረዱ። የወጡ ሽታ ቀድሟቸው ደረሰ። ዶማዬ በራሱ ጊዜ ቆመ። አያ ደምለው ሮጠው አገዷቸው። «አይ ያልጋ! የሰው መሐላ ልታስፈርሽ? ጊዮርጊስን አትፈሪም?» እትዬ ያልጋ እኛን አዩንና ሌማቱን ይዘው ዳገቱን ተመለሱ። አባ ይርዳው ዓይናቸውን ጨፍነው የሆነ ጸሎት አደረጉ። ለማን እንደሆነ አልጠየቅሁም።

ያኔ አንድ ጎረቤት በፈረስ ሲያልፍ እኛን አይቶ ልጓሙን ያዘ። አያ ደምለው ጆንያ ሊያመጡ ወደ ቤት ወጥተው ነበር።

«እግዜር ያበርታችሁ!» አለ። «የዘንድሮዎቹ ሽማግሌዎች እናንተ ናችሁ?»

«የዘንድሮዎቹ ማለት?» አልሁ።

«ያምናዎቹ የዳንግላ ሰዎች ነበሩ። ያን ጉድጓድ እነሱ ናቸው የቆፈሩት፤ አቤት ጉልበታቸው! ከነሱ በፊት የመጡት ግምጃ ቤት ከሚባለው ከተማ ነው፤ አጥሩ የነሱ ነው። አንደኛው ሽማግሌ ወገባቸውን እንደያዙ ቀሩ አሉ።»

አባ ይርዳው በደከመ ድምፅ «በረቱስ?» አሉ።

«በረቱ የቲሊሊዎቹ ነው። እነሱስ ጨዋዎች ነበሩ፤ ቆርቆሮውንም ራሳቸው ናቸው ያመጡት።»

«እና የመጡበት ጉዳይስ?» ብለው ጋሽ ፈንቴ አንባረቁ።

«ጉዳዩማ ወንድማቸው ስላልደረሰ ቀረ።»

«ወንድማቸው የሚኖረው የት ነው?»

ሰውዬው ገረመው። «አያ ደምለው ወንድም የላቸውም» አለና ለፈረሱ በአገውኛ የሆነ ነገር ነገረው። ፈረሱ ወደ እኛ አየና መንገዱን ቀጠለ። ጋሽ ፈንቴ አገውኛ ይሰማሉ፤ ምን አለው ብላቸው «ለፈረስ የተነገረ ነው፤ አንተን አይመለከትህም» ብለው ተቆጡኝ።

ዶማው ከእጄ ወደቀ። እናንተዬ፣ ሰው ቤቱን በደቦ ይሠራል፤ ደቦ ግን ጠላ ይፈልጋል፣ ንፍሮ ይፈልጋል፣ እንጀራና ወጥ ይፈልጋል። አያ ደምለው የማይበላ፣ የማይጠጣ፣ የማይቀመጥ፣ ልብሱን አስተኩሶ የባጃጁን ራሱ ከፍሎ የሚመጣ ደቦ አግኝተዋል! በልቦለዶቹ ውስጥ ያሉት የንፉግ አሽከሮች ቢያንስ ተቀጥረው ነው። እኛ ግን በጊዮርጊስ ስም ምለን ነው የገባንበት። መጀመሪያ ሳቅ ቃጣኝ፤ ቀጥሎ አንድ ነገር ትዝ አለኝና ሳቁን ተውሁት። አጥሩ አንድ ዓመት ነው። በረቱ አንድ ዓመት ነው። ጉድጓዱም አንድ ዓመት ነው። ያ ሁሉ የስመኝ ዕድሜ ነው። እየዞርሁ ያደነቅሁት ግቢ የልጅቱ ዕድሜ ተቆርጦ የታጠረበት ነው።

አባ ይርዳው ጥምጥማቸውን አንሥተው አራገፉ። ዳገቱን ስንወጣ አያ ደምለው ጆንያ ይዘው እየወረዱ ነበር። ፊታቸው ላይ አንዳች እፍረት ባይ ብዬ ትኩር ብዬ አየኋቸው። «ምነው ቸኮላችሁ?» አሉን ከልባቸው እያዘኑ፤ «ወንድሜ እኮ እየደረሰ ነው።»

በማግሥቱ ወደ ስመኝ ሄድን፣ እኔና ይበልጣል። የአንዲት ሙሽራ ቀሚስ ጉልበቷ ላይ ዘርግታ ጥልፉን ትጨርሳለች። «ለምን አልነገርሽንም?» አልኋት። ተቆጥቼ ነበር፤ መዳፌ ውሃ ቋጥሯል።

«ምን ብዬ ልንገራችሁ?» አለች ከመርፌዋ ቀና ሳትል። «አባቴ በእኔ ድንች ያስቆፍራል ልበል? አፍሬ ነው። የቲሊሊው ልጅ ሽማግሌዎቹ ከተመለሱ በኋላ ሌላ አገባ። የሙሽራዋን ቀሚስ የሰፋሁት እኔ ነኝ። ሳታውቅ ነው ወደ እኔ ያመጣችው።» ክሩን በጥርሷ በጠሰችው። «አሁን ወሬው ተሰምቷል። እናንተም ከቀራችሁ ከእንግዲህ ወደዚያ ቤት የሚመጣ ሽማግሌ የለም። ድንቹ ግን በየዓመቱ ይበቅላል።»

ይበልጣል «ምን ያህል መሬት ቀረ? ሄጄ ልቆፍርላቸው» አለ። ስመኝ ያን ጊዜ ቀና ብላ አየችው፤ እኔም መስኮቱን ማየት ጀመርሁ።

ምክሩን ያመጣሁት እኔ ነኝ፤ መቼስ ከኩራቴ አልማርም። ጋሽ ፈንቴ ቤት ተሰብስበን «ንፉግን በረሃብ ማስጨነቅ አይቻልም» አልኋቸው። «ረሃባችን ለእሳቸው በረከት ነው። እሳቸውን የሚያስጨንቀው ጥጋባችን ነው። ሄደን እንቀመጥ፤ እሺ እስኪሉ ድረስ እንብላ።» ጋሽ ፈንቴ በደስታ ተነሡ፤ ቀጥሎ መሐላቸው ትዝ አላቸውና ተቀመጡ። ሁላችንም ወደ አባ ይርዳው ዞርን። አባ ይርዳው ጢማቸውን ዳብሰው፣ መሐላው የተማለው ለጋብቻ እንጂ ለድንች ስላልሆነ ሊፈታ እንደሚችል አስረዱን። ለጋሽ ፈንቴ ስግደት አዘዙላቸው። ጋሽ ፈንቴ ስለ ጉልበታቸው ብዙ ተከራከሩ፤ አባ ይርዳው ግን ድንች የቆፈረ ጉልበት ለስግደት አያንስም አሏቸው።

እሁድ ሄድን። አያ ደምለው ገና በሩ ላይ «ወንድሜ…» ብለው ሲጀምሩ ሦስታችንም አልፈናቸው ገብተን መደቡ ላይ ቁጭ አልን። ዓይናቸው ፈጠጠ።

«ምነው? መሐላችሁስ?»

«ፈትቸዋለሁ» አሉ አባ ይርዳው።

«ዛሬ ደግሞ» አሉ ጋሽ ፈንቴ ጣራው እስኪሰማ፣ «እሽ እስኪሉን ድረስ ከመብላት አንነሣም!»

አያ ደምለው ምራቃቸውን ዋጡ። «ታዲያ ምን ይደረጋል፣ ቤት ውስጥ የተሠራ ነገር…»

«አለ!» የሚል ድምፅ ከጓዳ መጣ። እትዬ ያልጋ ናቸው። ለካ ሽማግሌ በመጣ ቁጥር እሺ ይባል ይሆናል ብለው ድስት ይጥዳሉ።

ዶሮ ወጡ መጣ። እናንተዬ፣ ስለዚያ ወጥ ብቻ አንድ ምዕራፍ መጻፍ ይቻላል። ጋሽ ፈንቴ እያንዳንዱን ጉርሻ ከፍ አድርገው ለአያ ደምለው አሳይተው ነው የሚጎርሱት። የአያ ደምለው ዓይን እጃችንን ከትሪው እስከ አፋችን ይሸኛል፤ ባዶውን ይመልሰዋል። አባ ይርዳው በመጀመሪያ አፍረው ነበር፤ ኋላ ላይ እፍረቱን ወጡ አሸነፈው። እትዬ ያልጋ በር ላይ ቆመው ባላቸውን ያያሉ፤ ባላቸው በእንግዳ ፊት እምቢ ማለት ተናንቋቸው ፊታቸውን ሲያዞሩ ገብተው ይጨምራሉ፤ ተመልሰው በሩ ላይ ቆመው እንደገና ባላቸውን ያያሉ። አይብ መጣ። ቅቤ መጣ። እንጀራ ተደገመ። እኔ ቀበቶዬን ፈታሁ። አያ ደምለው ግንባራቸው ላብ አቸፈቸፈ፤ ግን እሺ አላሉም። እየሳቅሁ ነበር። በሕይወቴ እንደዚያ ቀን አስቂኝ ነገር የሠራሁ አልመሰለኝም።

ያን ጊዜ ስመኝ አንዲት አፏ በጨርቅ የታሰረ ማሰሮ ይዛ ከጓዳ ወጣች። ጨርቁን ፈትታ መሐላችን አስቀመጠችው። ማር ነው፤ ነጭ ማር፣ ከመቆየቱ የተነሣ እንደ ቅቤ የረጋ። አያ ደምለው ከመቀመጫቸው ግማሽ ተነሡ። «እሱን ተይው!» አሉ። ጋሽ ፈንቴ አንድ ጊዜ ጠለቁ። እኔ ማንኪያዬን ሞልቼ አፌ ውስጥ ከተትሁ።

«በቃ!» ብለው ጮኹ አያ ደምለው። «በቃ፣ እሽ! ሰጥቻለሁ! ውሰዷት!»

ጋሽ ፈንቴ ከመደቡ ዘለው ተነሡ። አባ ይርዳው «ያብብ፣ ይፍራ» ብለው መመረቅ ጀመሩ። እኔ አፌ በማር ተሞልቶ እጄን እንደ አሸናፊ አነሣሁ። እልል ያለ ግን አልነበረም። ስመኝ ማሰሮው አጠገብ እንደቆመች አባቷን ታያለች።

«አባዬ» አለች ቀስ ብላ። «ለማሩ ስትል ነው እሽ ያልኸው?»

አያ ደምለው አልተቆጡም። ግራ የተጋባ ሰው ድምፅ ነው የወጣቸው። «የሠርግሽ ማር እኮ ነው» አሉ። «አንች የተወለድሽ ጊዜ ከራሴ ቀፎ የቆረጥሁት ነው። እኔም አልቀመስሁት፣ እናትሽም አልቀመሰችው። ለሠርግሽ ብየ ነው ያኖርሁት።»

ማሩ አፌ ውስጥ ቆመ። ልውጠው አልቻልሁም፤ ልትፋውም አልቻልሁም። እጄን ከላይ ማውረድ ረስቼዋለሁ። በሕይወቴ ብዙ ደንግጫለሁ፤ በራሴ ጥርስ ግን ደንግጬ አላውቅም ነበር። ሰውዬው ለልጃቸው ሠርግ ብለው ሃያ ምናምን ዓመት የጠበቁትን ማር፣ እኔ እሳቸውን ላቃጥል ብዬ እየሳቅሁ በማንኪያ ዝቄዋለሁ። ወጥመድ ያጠመድሁ መስሎኝ በገዛ አፌ ተያዝሁ።

ስመኝ አላለቀሰችም። «ለየትኛው ሠርጌ ነው ያኖርኸው አባዬ?» አለች። «ለቲሊሊው ነው? ለግምጃ ቤቱ ነው? ወይስ ለዳንግላው?»

 አያ ደምለው ወደ እኛ ዞሩ፤ እኛ መሬት መሬት እናያለን። ወደ ደጅ ዞሩ፤ በክፍቱ በር አጥሩ ይታያል፣ ጉድጓዱ ይታያል፣ በረቱ ይታያል። ቀስ ብለው ተቀመጡ። ማሰሮውን በሁለት እጃቸው ያዙትና ወደ ልጃቸው ገፉት።

«እንግዲያ አንች ቅመሽው» አሉ።

«እማዬ ትቅደም» አለች ስመኝ።

እትዬ ያልጋ ከበሩ ተነሥተው መጡ። ከልጃቸው ጎን ተቀመጡና፣ ወደ ባላቸው ሳያዩ፣ ጣታቸውን ማሩ ውስጥ ከተቱ።